የግሪሳ ማለዳ በገንዳ ውሃ

በገንዳ ውሃ ገበያ ጥግ ካለች አንዲት ፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ ጊዜው ያለፈበት የውጭ አገር የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። ባለቤቱ ቀኑን ሳይሆን ሥዕሉን ወዶ ነው ያቆየው። ሥዕሉ ላይ አንዲት ቀይ ቀበሮ ከበረዶ መሬት ላይ ዘላ አየር ላይ ተንጠልጥላለች። ከኋላ እግሮቿ ሥር የተፈናጠረው በረዶ እንደ ዱቄት ተበትኗል። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. የትምህርት ቤታችንን የሳይንስ ክበብ ፎቶ ላሳጥብ ስገባ አብሮኝ የነበረ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሥዕሉን ትኩር ብሎ አየና፣

«ቲቸር፣ ይቺ ቀበሮ ቆማለች ወይስ ትሮጣለች?» አለኝ።

«እየዘለለች ነው እንጂ» አልኩት።

«ወረቀት ላይ አይደለችም እንዴ? መዝለሏን በምን አወቅን?»

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ፍጥነት ማለት ርቀት ለጊዜ ሲካፈል ነው እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ አላህ ይወቀው። ለዚህ ጥያቄ ግን እዚያው ቆሜ የሚሆን መልስ አላገኘሁም። «እናየዋለን» ብዬ አለፍኩ። አስተማሪ የሆናችሁ አንባብያን «እናየዋለን» ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ።

የቀን መቁጠሪያው ወር ጃንዋሪ ነበር፤ የእነሱ ክረምት ማለት ነው። ለእኛ ለቆላዎቹ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ነው፤ ዋልካው መሬት ጫማ የሚያወልቅበት፣ ወባ የሚበዛበት። ጃንዋሪ እኛ ዘንድ ጥር ነው። ሳሩ ደርቆ ቢጫ የሚሆንበት፣ ያው ዋልካ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጣጠቅበት በጋ ነው። ቢሆንም የእነሱ ክረምት ከእኛ ጋር ጨርሶ አይተዋወቅም ማለት አይደለም። አውሮፓ በረዶ ሲለብስ ሽመላው፣ ጭራዋ እንደ መቀስ የተሰነጠቀችው ትንሿ ወፍና ሌሎችም ብዙዎች ወደዚህ ይወርዳሉ። ክሬን የሚባሉት ባለ ረጅም እግሮች ደግሞ ጣና ዳር ከርመው ይሄዳሉ። የእነሱን ክረምት በረዶ ሳናይ በወፉ እናውቀዋለን።

ገንዳ ውሃን ለማታውቁ ትንሽ ልበል። ከጎንደር ተነስታችሁ አዘዞን፣ አይከልን፣ ነጋዴ ባሕርን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ፣ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ልብስ የምታወልቁ ይመስላችኋል። አንዳንዶች ሸኸዲ ይሏታል። ዛሬ የምዕራብ ጎንደር ዞን መቀመጫ ናት። ወደፊት ኮኪትን አልፎ መተማ ዮሐንስ ይመጣል፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የወደቁበት ነው። ከድንበሩ ማዶ ጋላባት አለ። በ19ኛው መቶ ዘመን በዚያ ያለፉ ተጓዦች፣ ከዳርፉርና ከዚያም ርቀው ለሐጅ ወጥተው በዚያው የሰፈሩ ተክሩሮችን አግኝተው ጽፈዋል። መንገዱ ሁልጊዜ የሚሄድና የሚመጣ ሰው ያለበት ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከፈነዳ በኋላም ልጆቻቸውን አዝለው የገቡትን ቤተሰቦች በዚሁ መንገድ ተቀብለናል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ኅዳር ሲጋመስ ያ ተማሪ ከክፍል ጠፋ። አንድ ሳምንት ሙሉ ስሙ ሲጠራ መልስ የለም። ጓደኞቹን ብጠይቅ «ግሪሳ መጥቷል» አሉኝ፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም።

ግሪሳ ከድንቢጥ የማትበልጥ ወፍ ናት፤ ምንቃሯ አጭርና ወፍራም፣ የወንዱ ቀላ ያለ። ከአፍሪካ ውጭ አትገኝም፤ በብዛት ግን በዓለም ላይ የሚስተካከላት የዱር ወፍ የለም ይባላል። አንዷ ብቻዋን ምንም አይደለችም፤ በቀን የምትበላው 10 ግራም ያህል እህል ነው። ችግሩ ብቻዋን አለመምጣቷ ነው። ማሽላ ወተት ይዞ መጠጠር ሲጀምር እንደ ደመና ትወርዳለች። ስለዚህ በቆላው ምድር ከሰሊጥ አጨዳ በኋላ ለልጆች የሚተርፋቸው ሥራ ማማ ላይ መቆም ነው።

ቅዳሜ ሱብሕን ሰግደን ከመስጊድ እንደወጣን ወደ ቤተሰቡ ማሳ ሄድኩ። ሐሳቤ ሁለት ነበር። አንደኛው አባቱን አግባብቼ ልጁን ወደ ትምህርቱ ለመመለስ ነው። ሁለተኛውን ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ካሜራዬን ይዤ ነበር። የቀበሮዋ ጥያቄ ከውስጤ አልወጣም።

በነገራችን ላይ፣ ድንበር አካባቢ ረጅም ሌንስ ይዞ መዞር ራሱን የቻለ ዕውቀት ይጠይቃል። በ1882 እ.ኤ.አ. ኤቲየን ዡል ማሬ የተባለ ፈረንሳዊ የወፍ በረራን ለማጥናት የሠራው ካሜራ መልኩ ጠመንጃ ነበር። ትከሻ ላይ ይደገፋል፣ ምላጭ አለው፣ በሰከንድ 12 ምስል ይወስዳል። እኛ አገር ቢመጣ ኖሮ ኮኪት ሳይደርስ ይያዝ ነበር። እኔ ከቀበሌ አስፈቅጄ፣ ለማሳው ባለቤቶችም አስቀድሜ ነግሬ ነው የምሄደው። ድልድይ፣ ኬላና የታጠቀ ሰው ባለበት ካሜራው ከቦርሳ አይወጣም።

ማሳው ሁለት ሄክታር ይሆናል። መሀሉ ላይ አራት ቋሚ እንጨት የቆመበት ማማ አለ። ተማሪዬ ወንጭፉን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የጭቃ ድብልብሉን በፌስታል ሞልቶ ቆሟል፤ ታናሽ እህቱ ከታች ቆርቆሮ ትደበድባለች። ሲያየኝ አፈረ። «ሰላም ዐለይኩም ቲቸር፣ ሰኞ ልመጣ ነበር» አለ። ሰኞ እንደማይመጣ ሁለታችንም አውቀናል።

ፀሐይ ብቅ ስትል መጡ። መጀመሪያ ድምፅ ነው፤ ሩቅ ያለ ዝናብ የሚመስል። ከዚያ ከምሥራቅ በኩል አንድ ነገር ተዘረጋ፣ ተሰበሰበ፣ ዞረ፣ ወረደ።

የካሜራው መዝጊያ፣ ማለትም ሻተሩ፣ ተከፍቶ እስኪዘጋ ያለው ጊዜ ነው ሁሉን የሚወስነው። በመጀመሪያ በጣም አፈጠንኩት፤ 1/2000 ሰከንድ። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ወፏ የምትሄደው ርቀት እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ ምስሏ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እያንዳንዷ ወፍ፣ ክንፏና እግሯ ሳይቀር ጥርት ብላ ወጣች። ደስ ብሎኝ ማማው ላይ ወጣሁና ለተማሪዬ በካሜራው መስኮት አሳየሁት። አየና፣

«የሞቱ ይመስላሉ» አለ።

እውነቱን ነው። ሰማይ ላይ በሚስማር የተመቱ ይመስሉ ነበር። ስለዚህ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄድኩ፤ 1/15 ሰከንድ። አሁን ደግሞ ወፍ የለም፣ ማሽላ የለም፣ ጢስ ብቻ። ሻተሩ ያን ያህል ሲዘገይ የእጄም መንቀጥቀጥ አብሮ ይመዘገባል፤ ስለዚህ መቆም የነበረበትም ነገር ሄደ።

«እንደ ጎማ እኮ ነው የሚሄዱት» አለኝ ልጁ። ወንጭፉን አስቀምጦ በእጁ አሳየኝ። መሬት ላይ ሲበሉ ከኋላ ያሉት እህል ሲያልቅባቸው ተነስተው በፊተኞቹ ላይ ዘለው ከፊት ይወርዳሉ። አሁን ኋለኛ የሆኑት ደግሞ ይነሣሉ። መንጋው በሙሉ እየተንከባለለ ማሳውን ያቋርጣል። ይህን ነገር ከመጽሐፍ ሳይሆን ሰባት ቀን ማማ ላይ ቆሞ ነው ያወቀው። «እነሱን አይደለም ማየት፤ ማሽላውን እይ፤ እነሱ ራሳቸው ያልፋሉ» አለ።

ካሜራውን ከማማው ቋሚ ጋር አስደግፌ በነጠላ አሰርኩት። በዚያ ሰዓት ነፋስ የለም፤ የማሽላው ራስ አይነቃነቅም። ሻተሩን 1/30 ላይ አደረግሁ። አንድ ወፍራም የማሽላ ራስ ላይ አነጣጥሬ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ። የወጣው ምስል ላይ ማሽላው ፍሬ በፍሬ ይቆጠራል፤ በዙሪያው ግን ቡናማ ወንዝ ይፈሳል። አንዱም ወፍ ለብቻው አይታይም፣ ግን ሁሉም ይሄዳሉ። ልጁ አይቶ ዝም አለ። ኋላ፣ «አዎ፣ እንዲህ ናቸው» አለ።

ይህ የሚሆነው ማለዳና ከመግሪብ በፊት ብቻ ነው። ረፋዱ ላይ ሻተሩን ብታዘገዩት ብርሃኑ ጎርፎ ምስሉን ነጭ ያደርገዋል፤ ከመሬት የሚነሳው የሙቀት ሞገድም የቆመውን ሁሉ ያወዛውዘዋል። ቀትር ላይ ካሜራውም ሰውም ጥላ ሥር መሆን ነው ያለባቸው።

ስመለስ መንገድ ላይ ያሰብኩት ስለ ኢብኑል ሀይሠም ነው። በ965 እ.ኤ.አ. ገደማ በበስራ ተወልዶ ካይሮ ላይ የኖረው ይህ ሊቅ «ኪታቡል መናዚር» በተባለው መጽሐፉ፣ ዓይን እንቅስቃሴን የሚያውቀው ተንቀሳቃሹን ከሌላ ነገር ጋር በማነጻጸር መሆኑን ያስረዳል። በጨለማ ክፍል ውስጥ በትንሽ ቀዳዳ የገባ ብርሃን የውጩን ምስል እንደሚያሳይም መርምሯል፤ ካሜራ የሚለው ቃል ራሱ በላቲን ክፍል ማለት ነው። ማሽላውን እይ ያለኝ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ያንን መጽሐፍ አላየውም። እኔም ብሆን ስሙን የሰማሁት መድረሳ ሳይሆን ኮሌጅ ገብቼ ነው፤ ይህ ነገር እስካሁን ያናድደኛል።

የቀበሮዋም ነገር ያው ነው። እሷ ራሷ ጥርት ብላ ቆማለች፤ መዝለሏን የነገረን ከኋላዋ የተበተነው በረዶ ነው። እኛ በረዶ ባይኖረን አቧራ አለን። በበጋ ጭራውን እንደ አንቴና አቁሞ የሚሮጥ ከርከሮ ከኋላው የሚተወው አቧራ የማንንም በረዶ ያስንቃል።

በጥር ሌላ ነገር ሞከርኩ። ገበሬዎች ገለባና ደረቅ ሳር ሲያቃጥሉ ጭልፊቶች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ይሰበሰባሉ። ከእሳቱ የሚሸሸውን አንበጣና አይጥ ከጢሱ ጫፍ ላይ ይቀልባሉ። እዚህ ጋ ካሜራውን ማሰር አይሠራም፤ ከወፉ ጋር አብሮ መዞር ነው። እግርን ተክሎ፣ ከወገብ በላይ እንደ ማጭድ እየዞሩ፣ ሻተሩን 1/60 ላይ አድርጎ፣ ምስሉ ከተነሳ በኋላም መዞሩን አለማቋረጥ። ከአርባ ሙከራ ሁለት ተሳካልኝ። የጭልፊቱ ራስና ዓይን ጥርት ብለዋል፤ ከኋላው ያለው ግራር ወደ መስመር ተለውጧል፤ ክንፉ በብሩሽ እንደተቀባ ደብዝዟል።

ይህን ሥዕል ሳይ ነሕው ያስቀሩኝ ሸኽ ትዝ አሉኝ። ሱረቱል ሙልክ ውስጥ ክንፋቸውን ስለሚዘረጉና ስለሚሰበስቡ ወፎች የሚናገረው 19ኛው አንቀጽ ላይ ስንደርስ አቁመው ጠየቁን፤ መዘርጋቱ በስም፣ መሰብሰቡ በግሥ የመጣው ለምንድን ነው? ማናችንም አልመለስንም። አዝ-ዘመኽሸሪ «አል-ከሽሻፍ» በተሰኘው ተፍሲሩ፣ የበረራ መሠረቱ መዘርጋት ስለሆነ በጸናው በስም፣ መሰብሰብ ግን እየመጣ የሚሄድ ስለሆነ በሚታደሰው በግሥ ተገለጸ ይላል። በልጅነቴ ይህን ለፈተና ሸመደድኩት። ጭልፊቱን ካነሳሁ በኋላ ነው የገባኝ። አንድ ፎቶ ውስጥ ስም የሚሆን የጸና ነገር፣ ግሥ የሚሆን የሚታደስ ነገር ያስፈልጋል። ሁሉም ስም ከሆነ እንደ መጀመሪያው ሥዕሌ ሬሳ ነው፤ ሁሉም ግሥ ከሆነ ጢስ ነው። (ፎቶን በተመለከተ ዑለማኦች የተለያየ አስተያየት እንዳላቸው አንባብያን ታውቃላችሁ፤ ያንን ለባለቤቶቹ እተወዋለሁ።)

ዓይናችን ብቻውን የማይደርስበት እንቅስቃሴም አለ። በ1878 እ.ኤ.አ. ኤድዊርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ ካሜራዎችን በተርታ ደርድሮ የሚጋልብ ፈረስ እስኪያነሳ ድረስ፣ ሠዓሊዎች ጋላቢ ፈረስን አራቱን እግሮች ወደፊትና ወደኋላ ዘርግቶ ይስሉት ነበር። ፈረሱ አራቱንም እግሮች ከመሬት የሚያነሳው ግን ሆዱ ሥር ሲሰበስባቸው ሆኖ ተገኘ። ስንት መቶ ዓመት ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ አላየውም።

ሰው የሌለበት ካሜራም አለ። ከእኛ በስተደቡብ ቋራ ውስጥ፣ በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው 2,666 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል፤ ከሱዳኑ ዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። ያገሬው ሰው እዚያ አንበሳ እንዳለ ይናገር ነበር፤ ዓለም ግን ማስረጃ ይፈልጋል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ሃንስ ባወር ከባልደረቦቹ ጋር ገብቶ ዛፍ ላይ የወጥመድ ካሜራ አሰረ። ይህ ካሜራ ሞቃት ገላ ከፊቱ ሲንቀሳቀስ ራሱ ነው የሚያነሳው፤ ያልተንቀሳቀሰን ነገር አያውቀውም። ዱካም ተገኘ፣ አንበሳም ካሜራው ውስጥ ገባ። ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት በጥር 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ዜናውን ሲያወጣ፣ በአላጥሽና በዲንደር በአንድነት ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ እንደሚችሉ ግምቱን ገለጸ። የእንዲህ ዓይነት ካሜራ ሥዕል ውበት የለውም፤ አንዳንዴ ጅራት ብቻ ነው፣ አንዳንዴ የደበዘዘ እግር። ማንም ግን «ውብ አይደለም» ብሎ አልመለሰውም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው፤ ወደ ማሳው ልመለስ። ያችን የማሽላና የወንዝ ሥዕሌን ፎቶ ቤት አሳትሜ ለአባትየው ይዤ ሄድኩ። ሥዕሉን ይዤ ልግባ፣ ከዚያ የልጁን ነገር አነሳለሁ ብዬ ነው። አባትየው በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ አራቀውና አቅርበው አዩት።

«ማሻአላህ፣ ጢስ ነው?»

«ግሪሳው ነው አባባ።»

«ስንት ናቸው ታዲያ?» አሉኝ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው መጥቶ የጠየቃቸው ይህንኑ ነበር። መንጋው ምን ያህል ነው፣ ማታ የሚያድረውስ የት ነው? ሳይታወቅ የመርጫ አውሮፕላን አይጠየቅም። ማደሪያውን ልጁ ያውቀዋል፤ ወንዙ ዳር ያለው የግራር ጥሻ ነው። ቁጥሩን ግን ማን ይቁጠር? የእኔ ውብ ሥዕል ውስጥ አንድም ወፍ አይቆጠርም።

ያኔ ነው የሞቱ የመሰሉት ትዝ ያሉኝ። አልደመሰስኳቸውም ነበር። መንጋው ሲያልፍ ከዳር እስከ ዳር በዘጠኝ ተከታታይ ፎቶ ይዤዋለሁ። ሰኞ የሳይንስ ክበቡን ሰብስቤ አንዱን ፎቶ በ100 ካሬ ከፈልነው፤ ተማሪዎቹ አሥሩን ካሬ ቆጥረው አማካዩን 23 አሉ። በአንድ ፎቶ 2,300፣ በዘጠኙ ከ20,000 በላይ። በ10 ግራም ሲባዛ በቀን ሁለት ኩንታል ያህል። እርግጥ የዱር ሳር ፍሬም ይበላሉ፣ ሌላም ማሳ አለ።

ወረቀቱን ለአባትየው አነበብኩላቸው። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ሒሳብ ግን ይችላሉ። ከማሳቸው አርባ ኩንታል ይጠብቁ ነበር።

«እንግዲህ ልጄ ከማማው ቢወርድ ሃያ ቀን አይቆይም ማለት ነው» አሉኝ።

ልጁን ላስወርድ ሄጄ፣ በገዛ ሒሳቤ ለምን መውረድ እንደሌለበት አስረድቼ ተመለስኩ። የምለው አልነበረኝም። ስለ መርጨቱም ቢሆን ልቤ አንድ አልነበረም። ለግሪሳ የሚረጨው ፌንቲዮን የተባለው መድኃኒት ግሪሳውን ብቻ አይመርጥም፤ የተመረዘውን የሚበላ ጭልፊትም ንስርም አብሮ ይሞታል። ይህን ስነግራቸው አባትየው በትሕትና አዳመጡኝ። «መምህር፣ ጭልፊቱን እኔም እወደዋለሁ» አሉ፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩም።

አውሮፕላን አልመጣም። የደረሰውን ማሽላ አስቀድሞ ለማጨድ ጎረቤት ተጠራ፤ ቅዳሜ በደቦ ታጨደ፣ ከክበባችንም አሥራ አንድ ተማሪዎች ሄደው ማጭድ ያዙ። ያልደረሰው ጥግ ለግሪሳ ተተወ። ልጁ ማክሰኞ ክፍል ገባ፤ የአጋማሽ ፈተናው ግን አምልጦት ነበርና በሌላ ቀን ብቻውን ተቀመጠ። ካወጣሁለት ጥያቄ አንዱ ስለ ፍጥነት ነበር፤ እሱንም ተሳስቶታል።

የማሽላው ሥዕል አንድ ቅጂ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ከቀበሮዋ አጠገብ ተሰቅሏል። ባለቤቱ እንደሚነግረኝ፣ የሚገቡ ሰዎች ቃጠሎ እየመሰላቸው የማን ማሳ እንደሆነ ይጠይቁታል።